ከሦስተኛው መስመር በኋላ

ሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ማታ

ተፈረደብኝ። በዚህ ተርም የኔ ክፍል ድርሰት የሚማረው ኮምፒውተር ክፍል ገብቶ፣ ከቻትቦት ጋር ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተውኝ፣ «በስብሰባው ላይ አጥብቀው የተቃወሙት እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ እርስዎ ይሞክሩትና ይንገሩን» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኸው ነው። ግማሹን ስብሰባ ብቻዬን ተናግሬ አንድ ሰው ሳላሳምን፣ ሸክሙን ብቻ ተሸክሜ ወጣሁ።

ደግሞ ፈተናው አለ። በተርሙ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ያለ ማሽን፣ በገዛ እጁ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ይጽፋል። ያልቻለ ክፍሉን ይደግማል። ለሌሎቹ ብዙም አልሰጋም፤ የኔ ስጋት «ሦስት መስመር» ናት። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ምን ርዕስ ቢሰጣት ሦስት መስመር ጽፋ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። አራተኛው መስመር የት እንደሚቀር እግዜር ይወቀው። አምና ወድቃ ደግማለች። የሚያሳድጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ላውንደሪ አለው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ «መምህርት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ዘንድሮም ከወደቀች ግን ካውያው ይጠብቃታል፤ ከዚህ በላይ አላስተምራትም» ብሎኛል። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ጫማዋን ታይ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ሾርባዋን እያጎረስኩ ነገርኳት። ደም ግፊቱ ከጣላት ወዲህ ቃል ቶሎ አይመጣላትም፤ የጀመረችውን እኔ ነኝ የምጨርስላት። ስለ ሦስት መስመር ስነግራት ደህናውን እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ከፍ አደረገችው። ደክሟታል። ትራሷን አስተካክዬ አስተኛኋት።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ዐርብ

ቸኩያለሁ። መብራት ሄዶ መጣ። ሁለት ኪቦርድ አይሠራም። ልጆቹ ማሽኑን ከኔ ቀድመው ያውቁታል፤ ያሳዩኝ ጀመር! የማልረሳው ቀን ብዬ ርዕስ ሰጠሁ። ደወል። ሰኞ አርማለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

ድርሰቶቹን አነበብኩ። ፀሐይዋ በሁሉም ላይ ወጥታለች። «ወርቃማ ጨረሯን እየፈነጠቀች» ነው የወጣችው፣ በሁሉም። ወፎቹም ዘመሩ። ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ቀልደኛዬ የሚወደው አጎቱ የሞተበትን ቀን ጽፏል፤ እንባዬ ሊመጣ ሆነ። ከሰዓት በኋላ አጎትየው ጃንጥላ ሊያደርስለት በር ላይ መጣ። ጤና ይስጥልኝ ብዬ ስጨብጠው እጁ ሞቅ ያለ ነው።

ግን ይህ ደብተር የኔ ነውና እውነቱን ልጻፍ። ገርሞኛል። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ገጹ ይሞላል። ስሕተት እፈልጋለሁ፣ የለም። እኔ አንዲት አንቀጽ ለማቃናት ስንት ሌሊት የተገለበጥኩትን ማሽኑ ሳያልበው ይጨርሰዋል። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ምኑ ላይ ላሳርፈው?

ያልገለበጠች አንድ ልጅ ብቻ ናት። ሦስት መስመር እንዲህ ብላለች፦ «ትናንት ሸሚዝ ተኮስኩ። አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። ፈልጌ አጣሁት።»

በቃ። ይኸው ነው የማትረሳው ቀን።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ

የኮምፒውተር መምህሩን ሄጄ ያዝኩት። ቀጭን ስለሆነ ልጆቹ «ሽቦ» ይሉታል፤ እሱም ለምዶታል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር የታዘዘውን ነው የሚያደርገው» አለኝ። «ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈልጉት?»

«አፉን እንዲዘጋ።»

ሳቀ። «እሱስ አይሆንም። አጭር ተናጋሪ ማድረግ ግን ይቻላል።»

ተቀምጠን ሕግ አወጣንለት። ድርሰት አይጽፍም። የሚመልሰው በጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውም ተማሪው ከጻፈው ማጠር አለበት። አንድ ገጽ ለጻፈ ጥሩ ጥያቄ፤ ሁለት ቃል ለወረወረ ሰነፍ አንድ ቃል። ሽቦ ሕጉን እየጻፈ፣ «እትዬ፣ ይቺን ሕግ ለመምህራን ስብሰባም ብናወጣት» አለ። ማንን እንደነካ ስለገባኝ ዝም አልኩት። እንዲያውም ዝም አላልኩትም፤ እስኪበቃው ነገርኩት።

አራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ማታ

ዛሬ ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ተበላሸ!» «ቲቸር፣ ከዚያስ ብቻ ነው የሚለኝ!» ቀልደኛው ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር የሦስት መስመር ዘመድ ሆነ እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ከንፈሯ ትንሽ ተነቃነቀ።

እኔ በዋናው ኮምፒውተር የሁሉንም ማየት እችላለሁ። የሷን ከፈትኩ። ያቺኑ የሸሚዝ ሦስት መስመር ጽፋለች። ማሽኑ፦

«ከዚያስ?»

ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ቆየች። በጣም ቆየች። ሄጄ ልረዳት ስነሣ ሽቦ እጅጌዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ማሽኑም እንደሆነ አይቸኩል፤ ስክሪኑ ላይ ጠቋሚው መስመር ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ምንም አይልም። ከዚያ ጣቷ ተነሣ።

«ሌላ ቁልፍ ተከልኩበት።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ባለቤቱ ካልመጣ ልብስ ላይ።»

«ያልመጡ ብዙ ናቸው?»

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ላውንደሪው ውስጥ ከበስተኋላ አንድ ብረት አለ፤ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ማንም ያልወሰዳቸው ልብሶች ይሰቀሉበታል። ኮት አለ። የሕፃን ልብስ አለ። የሙሽራ ጓንት አለ፣ የአንድ እጅ ብቻ። ይህን ሁሉ ጻፈች። ቆጠርኩ፤ ስድስት መስመር!

ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ላውንደሪው ፊት ለፊት ስንት ቀን አልፌያለሁ። ልጅቷን ለማበረታታት ያላልኩት የለም፤ ስትቆም ምሳሌ ሰጠኋት፣ ተረት ነገርኳት፣ የራሴን ልጅነት አወጋኋት፣ «ምናልባት እንዲህ ለማለት ፈልገሽ ይሆን?» ብዬ ቃሉን አፏ ውስጥ አኖርኩላት። ነቀነቀች እንጂ አልጻፈችም። አሁን አንድ ነፍስ የሌለው ነገር «ከዚያስ?» አላት፤ አራተኛው መስመር መጣ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ጉድ ነው!

ለእማዬ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። እጇን አነሣች። «አዎ፣ ይገርማል አይደል?» አልኳትና ክኒኗን ሰጠኋት።

አራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

መምህራን ማረፊያ ስገባ የሒሳብ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል፦ «እሷ ጋ ተመድቦማ ማሽኑም ተራ አጥቶ ነው ዝም ያለው።» ሳቁ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ሻዬን ቀዳሁ። እኔ ብዙ እናገራለሁ? አስተማሪ ነኝ፤ ልዘምር?

አምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ

እማዬ ተኝታለች። ከሽቦ በተዋስኩት ላፕቶፕ ማሽኑን ለራሴ ሞከርኩት። ስለ እማዬ ጻፍኩለት፤ አንድ ገጽ ሞላ። እንዴት እንደወደቀች፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ቀን ቀን ጎረቤታችን እንደምታያት፣ ማታ ማታ ዝም ብላ እንዳታመሽ ወሬ እንደማላቋርጥባት፣ ቃል ሲጠፋት ቶሎ እንደማቀብላት፣ ስትደክም እጇን እንደምታነሣ። ጨረስኩ። የኔ ሕግ ነውና በአጭሩ መለሰልኝ፦

«እናትዎ ራሳቸው ምን ይላሉ?»

ምን ይላሉ ብሎ ነገር! አትናገርም አልኩህ እኮ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዚያ ሳህን ሳጥብ፣ መጋረጃ ስሰበስብ፣ ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም።

ስድስተኛው ሳምንት፣ ዐርብ

ግማሽ ገጽ! ሦስት መስመር ግማሽ ገጽ ጽፋለች! ድርሰቷ ውስጥ አሁን አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ገብቷል። ከሁሉም ልብስ ረጅም ጊዜ የቆየው እሱ ነው። ወንድሟ ልሽጠው ይላል፤ እሷ ታስቀምጠዋለች። ለምን? ማሽኑ ጠይቋታል፤ ገና አልመለሰችም። ደወል ተደወለ፤ እንደ ጅል ኮሪደር ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰባተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ፈተናው ከታሰበው በአንድ ሳምንት ቀድሟል። ርዕሰ መምህሩ «የተርሙ ፕሮግራም ተጣቧል» አሉ። ግማሽ ገጽ አያሳልፍም። ግማሽ ገጽ አያሳልፍም። ወንድሟን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ «እንዴት ናት?» አለኝ። «ጥሩ ናት» አልኩት። ጥሩ ናት እንጂ፣ ግን ቀስ ነው የምትለው። ጊዜው ደግሞ ቀስ አይልም።

ሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

ሽቦን ለመንኩት። «ለሷ ብቻ ልቀቅላት። ትንሽ ይርዳት። መንገዱን ያሳያት።»

«እትዬ፣ ሕጉ የርስዎ ነው እኮ።»

«የኔ ከሆነ እኔው አነሣዋለሁ።»

ሰባተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አጣሁ።

ሦስት መስመር ወደ ቀሚሱ ታሪክ ተመልሳ፣ «ለምን እንደማስቀምጠው» ብላ ጀመረች። ሕጉ ተነሥቶለታልና ማሽኑ ቀጠለላት። አንድ ሙሉ ገጽ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ መጠበቅ። በዋናው ኮምፒውተር ሳነበው ፀጉሬ ቆመ። የዕንቁ ቁልፎቹ በምሽት እንደሚያበሩ፣ ቀሚሱ እንደ ሰው እንደሚተነፍስ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም፤ ልጽፍም አልችልም። በደስታ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

አንብባ ጨረሰች። ደብተሯን ዘጋች።

«ምነው የኔ ልጅ? አያምርም?»

«ያምራል ቲቸር።»

«ታዲያ?»

«የኔን ጻፈው።» ቆየችና ደግሞ፣ «አሁን የኔ የለኝም» አለች።

ከአንድ መስመር በላይ ስትናገር የሰማሁት ዛሬ ነው፤ እሱም ይህን ልትለኝ። ምን አልኳት? ብዙ ነገር አልኳት። ይቅርታ አልኩ፣ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ወደፊት ሕይወቷ... ጫማዋን ታይ ጀመር።

ሕጉን ዛሬውኑ እንዲመልሰው ለሽቦ ነገርኩት። «እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር» አላለኝም። ልጁ ጨዋ ነው።

ስምንተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

አልጻፈችም። ማሽኑ «ከዚያስ?» ይላታል፤ ታየዋለች። ትናንትም እንዲሁ። ምን አደረግኩ? እማዬ ጋ ስቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግራት አጣሁ። እጇን አነሣች፤ እኔው መልሼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩት፤ ብርድ እንዳይመታት።

ስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ

ዛሬ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ወንበር ወስጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና የሌሎቹን ወረቀት ማረም ጀመርኩ። ምንም አላልኩም። ምላሴ እንዴት እንዳሳከከኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ እንደ አሣ ገጠምኩት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት።

«ቀሚሱ እውነት የዕንቁ ቁልፍ አለው?»

«የለውም» አለች። «ዚፕ ነው።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ጨበጥኩና ጠበቅኩ።

«ግማሽ ላይ ይይዛል» አለች። «ሳሙና ካልቀቡት አይሄድም።»

ከዚያ ራሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ዓለምን ሁሉ ያነበበው ማሽን ዚፑን አያውቅም! ከየት ያውቀዋል? ሳሙና የቀባችው እሷ ናት። ዚፑን ጻፈች። ሳሙናውን ጻፈች። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ እሷ ገና እየጻፈች ነበር፤ እኔም ያው አንድ ወረቀት ላይ እንዳቀረቀርኩ ነኝ።

ዘጠነኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ፈተና። ነገ እጽፋለሁ።

ዘጠነኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ

ትናንት የክፍሉ ፈታኝ የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ እኔ በር ላይ ነበርኩ። መናገር ክልክል ነው። ኮምፒውተር የለም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። ርዕሱ «በአካባቢዬ ያለ አንድ ነገር» ነው።

ሦስት መስመር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የበሩን መቃን ያዝኩ። ሒሳብ መምህሩ እንኳ አየኝ። ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ሌሎቹ ወረቀት ይገለብጣሉ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነገር ጻፈች፤ አንድ ቃል የምታህል። አየቻት። ሰረዘቻት። ቀጠለች።

ዛሬ ወረቀቷን አረምኩ። ሁለተኛ አራሚውም ሒሳብ መምህሩ ሆኖ ተመድቧል፤ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። አንድ ገጽ ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻግሯል። በጠርዙ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በደቃቃ ፊደል፣ በራሷ እጅ፦ ከዚያስ? ከዚያስ? ከዚያስ? እያንዳንዷ በአንዲት መስመር ተሰርዛለች። የጠየቀችው ራሷ ናት፤ የመለሰችውም ራሷ።

መጨረሻውን እዚህ ልገልብጠው፦

«ወንድሜ ባለቤቷ አትመጣም ይላል። እኔም ላትመጣ እንደምትችል አውቃለሁ። ቢሆንም በየወሩ አወርደውና እተኩሰዋለሁ። ምናልባት የመጣች ቀን ተጨማዶ እንዳታገኘው ነው። ሰው ሲመጣ የጠበቀው ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት።»

አልፋለች። ቀይ እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አላሳረፍኩም። ውጤቷን ስነግራት ወንድሟም በር ላይ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ከዚያ፣ «ቀሚሱን አልሸጠውም» አላት። እሷ ጫማዋን አላየችም። እሱን አየችው።

ዘጠነኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ፈተናውን፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ቃል፣ ቀሚሱን። እጇን አነሣች።

እጄን ወደ ትራሱ ልዘረጋ ነበር። ክንዴ አየር ላይ ቆመ። ከተርሙ መጀመሪያ ጀምሮ ይህችን ልጅ ባነሣሁ ቁጥር ነው እጇን የምታነሣው። ክፍል ውስጥ እንዲህ እጁን የሚያነሣ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?

ሳህኑን አስቀመጥኩ። «እሺ እማዬ» አልኳት። ዝም አልኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ከንፈሯ ቃል ፈልጎ ሲዞር አየሁ፤ ቃሉን ላቀብላት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት።

«አንቺ... አትናገሪም ነበር» አለች።

እኔ? ልስቅ ነበር። ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«አራት ዓመትሽ... ምንም። ሰዉ ሁሉ... ዱዳ ናት አለ። አባትሽ... አለቀሰ። እኔ... ጠበቅኩ።»

አረፈች። ግድግዳውን አየች። እኔ እጇን ብቻ ይዣለሁ።

«ወተት ጣድኩ። ተነሣ። አየሁት። አንቺም... አየሽው። ላወርደው... እችል ነበር። አላወረድኩም። ዝም። እሳቱ ላይ... ሲፈስ... ‹ገነፈለ!› አልሽ።»

በደህናው ጉንጯ ሳቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የኔም።

«ይኸው... ከዚያ ወዲህ... አላባራሽም።»

ዛሬ ግን አባራሁ። እጇን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ ገና አልጨረሰችም ነበር።